ምዕራፍ ሰባት፦ ጠፋ የተባለው በእውነት እንዲጠፋ

በኤሌክትሪክ ኃይል ከሚሠራ የሙዚቃ መሣሪያ ብልቶች ሁሉ የሰው እጅ ዘወትር የሚነካው፣ ባለሙያውም ሆነ አላዋቂው፣ ባለቤቱም ሆነ እንግዳው እኩል የሚያዝበት ማብሪያና ማጥፊያው ነው። ድምፅን የሚያመነጨውና የሚያጎላው ረቂቅ ሥራ በሣጥኑ ውስጥ ተሰውሮ ሲኖር፣ ይህ ትንሽ ብልት ግን በውጭና በውስጥ መካከል ቆሞ፣ በአንድ ወገን 220 ቮልት ኃይልን፣ በሌላው ወገን ባዶ ጣትን ለያይቶ ይኖራል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብለት የሚገባው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ በየሠርጉ ድንኳንና በየጥገና ቤቱ ስንመለከት፣ ሌላው ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ በተረፈ ሽቦ ተቀጥሎና በናስትሮ ተጠቅልሎ የሚገጠም ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ ምዕራፍ ልናስረዳው የምንወደው አንድ ዐቢይ ነገር ቢኖር፣ የማጥፊያ ተግባሩ ድምፁን ዝም ማሰኘት ብቻ ሳይሆን ሣጥኑን ከኃይሉ ፈጽሞ መለየት መሆኑንና፣ ይህም በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ላይ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚጠነክርበት ምክንያት መኖሩን ነው።

መሣሪያውና ታሪኩ

ለትምህርታችን ምሳሌ ይሆን ዘንድ የመረጥነው ሞዱላር ሲንተሳይዘር የተባለውን የሙዚቃ ሣጥን ነው። ይህ መሣሪያ እንደ ተራው ኪቦርድ ሁሉን በአንድነት ይዞ ከፋብሪካ የሚወጣ ሳይሆን፣ ልዩ ልዩ ተግባር ያላቸው ትናንሽ ክፍሎች በአንድ ሣጥን ተደርድረው፣ አንዱ ድምፅ የሚያመነጭ፣ አንዱ ከድምፁ የማይፈለገውን የሚያጠልል፣ አንዱም የድምፁን መነሣትና መውደቅ በጊዜ የሚወስን ሆኖ፣ ሙዚቀኛው በአጫጭር ገመዶች እንደ ፈቃዱ እያገናኘ የሚያቀነባብረው ነው። ክፍሎቹ ሃያም ይሁኑ አርባ፣ የሚመገቡት ግን ከአንድ ኃይል ሰጪ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት በተለመደውና ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ባወጣው ሥርዓት፣ ይህ ኃይል ሰጪ ከዜሮ በላይ 12 ቮልት፣ ከዜሮ በታች 12 ቮልት፣ አንዳንድ ጊዜም 5 ቮልት ያድላል። ስለዚህም በዚህ ሣጥን ላይ ያለው አንድ ማብሪያ በብዙ መሣሪያዎች ላይ የሚሠለጥን በመሆኑ፣ ጥፋቱም ልማቱም ከሌላው ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

የዚህ ጥበብ ታሪክ ከአገራችን የራቀ የሚመስለው ሰው ቢኖር ነገሩን ጠጋ ብሎ ይመልከት። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ በቮልት የሚታዘዙ ክፍሎቹን እ.ኤ.አ. በ1964 ለባለሙያዎች ጉባኤ ሲያቀርብ፣ ዶን ቡክላም በካሊፎርኒያ በተመሳሳይ ሥራ ሲደክም፣ በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ ነበሩ። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ የዛርን ሥርዓት ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀድተው በኤሌክትሪክ መሣሪያ ያለዝቡትና ይለውጡት ከነበሩ ቀደምት ጠበብት አንዱ ሲሆኑ፣ ኋላም በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ፕሪንስተን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠርተው፣ ወደ አገራችን መጥተው የማሲንቆውን፣ የክራሩንና የዋሽንቱን ባለሙያዎች በአንድ መድረክ የሰበሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. በ1963 መሠረቱ። ከሃያ ዓመት በኋላም በዋሊያስ ባንድ ስማቸው የታወቀው አቶ ኃይሉ መርጊያ፣ በዋሽንግተን ሆነው አኮርዲዮንን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አዋሕደው እ.ኤ.አ. በ1985 ካሴት አወጡ፤ ያ ካሴት ባሕር ዳር ላይ በአንድ አሜሪካዊ አሳታሚ እጅ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግመኛ በመታተሙ፣ የአገራችን ዜማ ከዚህ መሣሪያ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ዓለም ሰማ።

በሰቆጣ ከተማ ዛሬ በሠርግና በበዓል የሚሰማው የኪቦርዱ፣ የአምፕሊፋየሩና የሞንታርቦው ድምፅ ነው፤ በየአጥቢያውም ስብከቱና ዝማሬው በድምፅ ማጉያ ይደርሳል። የሞዱላሩ ሣጥን በገበያው የሚሸጥ ዕቃ ባይሆንም፣ የኃይሉ አገባብ ከአምፕሊፋየሩ አገባብ የተለየ አይደለምና፣ ከዚህ በታች የምንጽፈው ቃል ሁሉ ለጥገና ቤቱ ባለሙያም፣ ለደብሩ ድምፅ ማጉያ ኃላፊም፣ ሣጥኑን በገዛ እጁ ሊሠራ ለሚነሣሣው ወጣትም እኩል ያገለግላል።

ኃይሉ እንዴት ይመጣል

የዋግ ሕዝብ ከኤሌክትሪክ ጋር ያለው ግንኙነት ልዩ ነው። በዝቋላና በአበርገሌ ቆላ በኩል የሚወርደው ተከዜ በ188 ሜትር ግድብ ታግዶ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ሆኗል፤ ሐይቁም የዋግን ዳርቻ ይነካል። ይሁን እንጂ የወንዙ ጎረቤት መሆን ብቻውን የማይቋረጥ መብራት አያስገኝም፤ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ አካባቢው ለብዙ ወራት በጨለማ መቆየቱን የሚያስታውሱ ሁሉ ይህን ያውቁታል። በዚህም ምክንያት አንድ የሙዚቃ ሣጥን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰኞ ከመሥመሩ፣ ረቡዕ ከጀነሬተር፣ ቅዳሜ ደግሞ ከሶላር ባትሪና ከኢንቨርተር ሊመገብ ይችላል።

ይህ ልውውጥ ለማብሪያው አሠራር ትልቅ ትርጉም አለው። ከመሥመሩ የሚመጣው ኃይል በሁለት ሽቦ የሚሄድ ሲሆን፣ አንደኛው ፌዝ ተብሎ ከመሬት አንጻር 220 ቮልት የሚይዝ፣ ሁለተኛው ኒውትራል ተብሎ በትራንስፎርመሩ ዘንድ ከመሬት ጋር የታሰረ ነው። በትናንሽ ጀነሬተሮችና በብዙ ኢንቨርተሮች ዘንድ ግን ከሁለቱ አንዱም ከመሬት ጋር ላይታሰር ስለሚችል፣ ይኼኛው አደገኛ ነው፤ ያኛው ደኅና ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። እንግዲህ በአንድ ምንጭ ብቻ ታስቦ የተገጠመ ማብሪያ ምንጩ በተለወጠ ጊዜ የሚያደርገውን ጥበቃ ያጣል።

ስለ ሁለቱ ሽቦ

የምንናገረውን በእጅ ለመጨበጥ የሚከተለውን ቀላል ምርመራ እናድርግ። ማብሪያው አንዱን ሽቦ ብቻ የሚቆርጥበትን የአንድ ሣጥን ስፒና፣ ከማናቸውም ሶኬት ሳይሰካ ይዘን፣ ከሁለቱ ክብ ጥርሶች አንዱን በቀለም ምልክት እናድርግበት፤ ከዚያም በመልቲሜትር ይህ ምልክት ያለው ጥርስ በሣጥኑ ውስጥ ወደ ማብሪያው የሚሄደው ሽቦ መሆኑን እናረጋግጥ። በአገራችን የተለመዱት ባለ ሁለት ጥርስ ስፒናዎች፣ መሬት በጎን የሚነካቸው ዓይነቶችም ጭምር፣ ተገልብጠው ይሰካሉ፤ ስለዚህ ምልክቱ ያለው ጥርስ ዛሬ በቀኝ ቀዳዳ፣ ነገ በግራ ቀዳዳ ሊገባ ይችላል። በመጀመሪያው አሰካክ ማብሪያው ፌዙን ሲቆርጥ፣ በሁለተኛው አሰካክ የሚቆርጠው ኒውትራሉን ይሆናል። በሁለቱም አሰካክ ሣጥኑ ዝም ይላል፤ መብራቶቹም ይጠፋሉ፤ ነገር ግን በሁለተኛው አሰካክ ፌዙ ትራንስፎርመሩንና የሽቦውን ጫፍ ሁሉ አልፎ እስከ ማብሪያው የኋላ እግር ድረስ ሕያው ሆኖ ይቆያል። ሁለት በር ያለውን ግቢ አንዱን በር ብቻ ዘግቶ ተጠብቋል እንደማለት ነው።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሣጥን የሚመረጠው ማብሪያ ሁለቱን ሽቦ በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው፣ ባለሙያዎች ዳብል ፖል የሚሉት ነው። ይህ ማብሪያ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው አራት እግር ስላለው በዓይን ይለያል፤ ይሁን እንጂ እግር ቆጥሮ ማመን ሳይሆን፣ በመልቲሜትር እያንዳንዱ ጥንድ ሲበራ የሚገናኝና ሲጠፋ የሚለያይ መሆኑን መመርመር ይገባል። በላዩ የተጻፈውም ቃል መነበብ አለበት፤ 250 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል፣ 6 ወይም 10 አምፒር የሚል ለዚህ ሥራ ይበቃል። ቀጥ ያለችው መስመር ሣጥኑ መብራቱን፣ ክቡ ምልክት መጥፋቱን ስለሚያመለክቱ፣ ማብሪያው ተገልብጦ እንዳይገጠም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ማብሪያ በውስጡ ትንሽ መብራት አለው፤ ይህች መብራት መጥፋቷ ግን ኃይል አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ እርሷ ራሷ ተቃጥላ፣ ወይም መሥመሩ ለጊዜው ተቋርጦ ሊሆን ይችላልና፣ ሣጥኑን የሚከፍት ሰው ሁልጊዜ ስፒናውን ነቅሎ፣ የነቀለውንም በዓይኑ ፊት አኑሮ ይክፈት።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሥርዓት

ኃይሉ ወደ ሣጥኑ ሲገባ የሚያልፍበት ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ መጀመሪያ የገመዱ መግቢያ፣ ቀጥሎ ባልቦላው፣ ከዚያ ማብሪያው፣ በመጨረሻም ትራንስፎርመሩ ወይም ኃይል ሰጪው። ለመግቢያው የኮምፒውተር ገመድ የሚሰካበት ዓይነት የተመረጠ ነው፤ ገመዱ ቢጎተት ተነቅሎ ይወጣል እንጂ ውስጡን አይበጥስም፤ ደግሞም መግቢያው፣ ባልቦላውና ማብሪያው በአንድ አካል ተሠርተው ስለሚገኙ የእጅ ሥራውና ስሕተቱ ይቀንሳል። ገመዱ በቀዳዳ አልፎ የሚገባ ከሆነ ግን፣ የብረቱ ጠርዝ ልባሱን እንዳይፍቀው ጎማ ይደረግበታል፤ ከውስጥም በማሰሪያ ይያዛል።

ባልቦላው የሚቀመጠው ከማብሪያው በፊት እንዲሆን ያስፈለገበት ምክንያት፣ ማብሪያው ራሱ ቢበላሽና ሽቦው ቢገናኝ እንኳ የሚያድን እንዲኖር ነው። መጠኑም በግምት አይወሰንም፤ 60 ዋት የሚበላ ሣጥን በ220 ቮልት ላይ የሚወስደው ከ0.3 አምፒር በታች ስለሆነ፣ የግማሽ አምፒር ባልቦላ ይበቃዋል። ክብ ትራንስፎርመር ያለበት ሣጥን በተከፈተበት ቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የሆነ ኃይል ስለሚስብ፣ ባልቦላው ቲ የተባለው የላቲን ፊደል ያለበት፣ ማለት ቀስ ብሎ የሚቃጠለው ዓይነት ይሁን። ባልቦላ እየደጋገመ ሲቃጠል የሚገኘው ትምህርት ውስጥ ጥፋት መኖሩ ነው እንጂ ባልቦላው ደካማ መሆኑ አይደለም፤ በላዩ የሽቦ ቅንጣት ጠምዝዞ ሥራ መቀጠል ግን እሳትን በገዛ እጅ መጋበዝ ነው። ስፒናው የሚገለበጥ በመሆኑም ሁለት ባልቦላ ያለው መግቢያ ከአንዱ ይሻላል፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሲቃጠል ሣጥኑ የሞተ መስሎ ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ባልቦላ የሚለወጠው ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው።

ሽቦዎቹ በእግሮቹ ላይ የሚገጠሙት ተጠምዝዘው ሳይሆን፣ በልካቸው በሆነ የብረት ማያያዣ ተጨብጠው ወይም ተበይደው፣ በላያቸውም በሙቀት የሚጠብቅ ፕላስቲክ ለብሰው ነው። ለዚህ ሥራ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ሽቦ ይበቃል። ቡናማው ለፌዝ፣ ሰማያዊው ለኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ለመሬት ይሁን፤ አረንጓዴና ቢጫው ለሌላ ተግባር ፈጽሞ አይዋል። የ220 ቮልቱ ሽቦና የ12 ቮልቱ ሽቦም በአንድ ጥቅል አይታሰሩ፤ በመካከላቸው ቢቻል ግድግዳ፣ ባይቻል ሰፊ ርቀት ይኑር።

ስለዚህ ርቀት ስንናገር የደጋውን አየር መዘንጋት አይገባንም። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ጥግግት አለው፤ ስስ አየር ደግሞ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ከሽቦ ወደ ሽቦ እንዳይዘል የመከልከል ኃይሉ ያነሰ ነው። ዓለም አቀፉ የደኅንነት መለኪያ በሽቦዎች መካከል የሚኖረውን የአየር ርቀት የወሰነው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላለ ስፍራ ሲሆን፣ ለ3,000 ሜትር ርቀቱ በ1.14 እንዲባዛ ያዝዛል። እንግዲህ በሰቆጣ፣ ይልቁንም ከዚያ ከፍ ባለው ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው፣ 6 ሚሊ ሜትር የተባለውን ርቀት 7፣ ቢቻልም 8 ቢያደርገው ሕጉን ይፈጽማል። ከውጭ በሚመጡ አንዳንድ ኃይል ሰጪዎች ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ እንዳይውሉ የሚያስጠነቅቅ የተራራ ምልክት ታትሞ ይገኛልና፣ ገዢው ምልክቱን አይቶ ይግዛ። ስስ አየር ሙቀትንም በደንብ ስለማይወስድ፣ የሣጥኑ መተንፈሻ ሰፋ ማለት፣ ኃይል ሰጪውም ከሚፈለገው በላይ አቅም ያለው መሆን አለበት።

አንዳንድ ሠሪዎች ማብሪያውን በ220 ቮልቱ በኩል ከማድረግ ይልቅ በ12 ቮልቱ በኩል ማድረግ የቀለለ ይመስላቸዋል። በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይታወቅ። ተለዋዋጩ ኃይል በሴኮንድ 100 ጊዜ በዜሮ በኩል ስለሚያልፍ በማብሪያው ጥርሶች መካከል የሚነሣው ብልጭታ በቶሎ ይሞታል፤ ቀጥተኛው ኃይል ግን ዜሮን ስለማያውቅ ብልጭታው ይረዝማል፤ ጥርሱንም ይበላል። የበላውን ማብሪያ ከፍተን ብንመለከት፣ አንጸባራቂ የነበረው የብረት ነጥብ ጠቁሮና ተቦርቡሮ፣ አንዳንዴም ከባልንጀራው ጋር ተጣብቆ እናገኘዋለን። ስለዚህ ለ250 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል የተፈቀደ ማብሪያ ለቀጥተኛ ኃይል የሚፈቀድለት ብዙ ያነሰ መሆኑን በላዩ ከተጻፈው አረጋግጦ መጠቀም ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ከዜሮ በላይ ያለው 12 ቮልት ተቆርጦ ከዜሮ በታች ያለው ቢቀር፣ በክፍሎቹ ውስጥ ያሉት ቺፖች ያለ ሥርዓታቸው ኃይል ስበው ሊግሉና ሊበላሹ ይችላሉና፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊቆረጡ ይገባል።

ለጀማሪ የምንመክረው ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀል መንገድ አለ። ይኸውም 220 ቮልቱ ወደ ሣጥኑ ጨርሶ እንዳይገባ፣ ሁለት አራት ማዕዘኖች አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሳሉበት ምልክት ያለው፣ በፋብሪካ የታሸገ አዳፕተር በውጭ ሆኖ 12 ወይም 15 ቮልት እንዲያቀብል፣ በውስጥም ያ ኃይል ወደሚፈለገው እንዲለወጥ ማድረግ ነው። መሥመሩ ገና ባልደረሰባቸው የዋግ ቀበሌዎች የሶላር ባትሪ 12 ቮልት ስለሚሰጥ፣ እንዲህ የተሠራ ሣጥን ያለ ኢንቨርተር ሊሠራ ይችላል። የባትሪው ቮልት ዝቅተኛ መሆኑ ግን አያዘናጋ፤ ሁለቱ ጫፎቹ ሲገናኙ የሚያፈስሰው ኃይል ሽቦን አግሎ እሳት ያስነሣልና፣ ለእርሱም ባልቦላ በባትሪው ጫፍ አጠገብ ይደረግለት።

ስለ መሬት

ሦስተኛው ሽቦ የመሬቱ ሽቦ ነው፤ ተግባሩም ፌዙ ከቦታው ወጥቶ የሣጥኑን ብረት ቢነካ፣ ኃይሉን በሰው አካል ሳይሆን በራሱ በኩል አሳልፎ ባልቦላው ወይም ብሬከሩ እንዲቆርጥ ማድረግ ነው። የእርጥብ ሰው አካል 1,000 ኦም ያህል ሊሆን ስለሚችል፣ 220 ቮልት በእርሱ ቢያልፍ 220 ሚሊ አምፒር ያህል ይሆናል፤ ይህም ለሰው ጥበቃ የሚደረገው ቆራጭ መሣሪያ ከሚቆርጥበት ከ30 ሚሊ አምፒር ሰባት እጥፍ ነው። ስለዚህ የመሬቱ ሽቦ በማናቸውም ማብሪያ፣ በማናቸውም ባልቦላ ውስጥ አያልፍም፤ ቀለሙ ተፍቆ በጸዳ ብረት ላይ፣ ለእርሱ ብቻ በተሰጠ ብሎን፣ እንዳይላላ ጥርስ ባለው ቀለበት ይታሰራል። ርዝመቱም ከሁለቱ በለጥ ይበል፤ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የሚበጠሰው እርሱ እንዲሆን ነው።

ሣጥኑ፣ ኪቦርዱና አምፕሊፋየሩ በልዩ ልዩ ሶኬት ሲሰኩ በሞንታርቦው የሚሰማው የማያቋርጥ እምምታ ብዙዎችን የመሬቱን ሽቦ ወደ መቁረጥ ይገፋፋቸዋል። ይህ ሥራ ጩኸትን ለማስወገድ ሕይወትን መያዣ ማድረግ ነው። መድኃኒቱ መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ደኅና ዲቫይደር መመገብ፣ ያም ካልበቃ በድምፁ ገመድ ላይ የሚገባ ትንሽ መለያ ትራንስፎርመር መጠቀም ነው።

በዋግ ምድር ግን የመሬቱ ሽቦ መጨረሻ ራሱ ጥያቄ ነው። የሰቆጣ አካባቢ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን የመሰለ ቤተ መቅደስ ከተፈጥሮ ዐለት ተፈልፍሎ የወጣበት አገር ነው፤ ዐለት ደግሞ፣ ይልቁንም በበጋ ሲደርቅ፣ ኃይልን በቀላሉ የማያሳልፍ በመሆኑ፣ በጭንጫ ላይ የተተከለ አጭር ብረት በስም ብቻ መሬት ይሆናል። የሚሻለው ብረቱን ወይም ወፍራም የመዳብ ሽቦን አፈር ባለበትና ርጥበት በማያጣው ስፍራ፣ ለምሳሌ የማጠቢያ ውሃ በሚፈስበት ጓሮ፣ በቦይ አግድሞ በርዝመት መቅበር ነው። ከሰልና ጨው ከአፈሩ ጋር መቀላቀል የቆየ ዘዴ ነው፤ ሰቆጣም ጥንት የአሞሌ ጨው ትልቅ ገበያ የነበረች ከተማ ናት። ጨው ግን በክረምቱ ዝናብ ታጥቦ ስለሚሄድና ብረቱንም ስለሚበላው፣ በየዓመቱ ማደስና መመርመር ግድ ይሆናል። ይህን ሥራ መመዘኛ መሣሪያ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊለካው ይገባል፤ የመሬቱ ደኅንነት በዓይን አይታይምና።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

ሙዚቃው በመካከል ተቋርጦ ድንኳኑ ሲጨልም፣ ሁሉም ሰው ሻማና ስልክ ሲፈልግ፣ የሣጥኑ ማብሪያ እንደ በራ ይቀራል። መብራቱ በተመለሰባት ቅጽበት ግን የከተማው መሣሪያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ ቮልቱ ይወርዳል፤ ይወጣል፤ የሙዚቃ ሣጥኑም ይህን ማዕበል ያለ መከታ ይቀበላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ማብሪያዎቹን ሁሉ ወደ ክቡ ምልክት መመለስ፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታግሶ፣ ቮልቱን የሚያስተካክለው ስታቢላይዘር ካለ የሚያሳየውን ቁጥር አይቶ መክፈት ነው። ሲከፈት ሣጥኑ ይቅደም፤ አምፕሊፋየሩ ይከተል፤ ሲዘጋ ግን አምፕሊፋየሩ ይቅደም፤ ይህ ካልሆነ በሣጥኑ መብራትና መጥፋት የሚወለደው ድንገተኛ ምት የሞንታርቦውን ልብ ይጎዳል።

የሰው ትዝታ ደካማ በመሆኑም ይህን የሚፈጽም መሣሪያ መግጠም ይቻላል። በአንድ ጊዜያዊ መጫኛ የሚነሣና በራሱ ጥርስ ራሱን ይዞ የሚቆይ፣ 220 ቮልት ጠመዝማዛ ያለው ኮንታክተር፣ መብራት ሲጠፋ ወዲያው ይለቅቃል፤ መብራት ሲመጣም ሰው ዳግመኛ እስኪጫነው ድረስ ሁለቱንም ሽቦ ቆርጦ ይቆያል። በዚህም ጠባቂ በሌለበት ሌሊት መብራት ቢመጣ፣ የደብሩ ማጉያም ሆነ የሙዚቀኛው ሣጥን ባዶ ቤት ውስጥ በራሱ ተነሥቶ ሲግል አያድርም።

ከመሰካት በፊት

ሥራው ሲያልቅ፣ ስፒናው ገና ከሶኬት ሳይገናኝ፣ በመልቲሜትር ሦስት ነገር ይመረመራል። አንደኛ፣ ከስፒናው የመሬት ነጥብ እስከ ሣጥኑ ብረት ያለው መጠን ለዜሮ የቀረበ ይሁን። ሁለተኛ፣ ማብሪያው በርቶ ሳለ ከሁለቱ ጥርሶች ማንኛቸውም ከመሬቱ ነጥብ ጋር አይገናኙ። ሦስተኛ፣ ማብሪያው ሲጠፋ ከሁለቱ ጥርሶች እያንዳንዱ ወደ ትራንስፎርመሩ የሚወስደው መንገድ ተቆርጦ ይገኝ፤ አንዱ ብቻ ተቆርጦ ሌላው ቢገናኝ፣ ማብሪያው ከዚህ ምዕራፍ ዓላማ ውጭ ነውና ይለወጥ።

ከዚህ በኋላ የቆዩት የሬዲዮ ጠጋኞች ጥበብ ይረዳናል። ባለ ትራንስፎርመር ሣጥንን በመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ከመሰካት ይልቅ፣ በአንዱ ሽቦ መንገድ ላይ 60 ዋት የሆነ ባለ ክር አምፑል በተከታታይ የገባበትን፣ በጥንቃቄ የተሸፈነ መመርመሪያ መጠቀም ነው። በውስጥ የተነካካ ሽቦ ካለ አምፑሉ በሙሉ ብርሃኑ ይበራል፤ ሣጥኑም ሳይጎዳ ስሕተቱ ይታወቃል። ሁሉ ደኅና ከሆነ ግን አምፑሉ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። ሣጥኑ ዳግመኛ የሚከፈት ከሆነም፣ በአንዳንድ ኃይል ሰጪዎች ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀሉ በኋላ እንኳ እስከ 311 ቮልት ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ደቂቃዎች ታግሦና በመለኪያ አረጋግጦ እንጂ ጣትን አያስገቡም። ይህን የመሰለ ሥራም ብቻውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሆኖ የሚሠራ አይኑር።

በመጨረሻም ሠሪው በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ፊት የሽቦውን ሥዕል፣ የባልቦላውን መጠንና የሠራበትን ቀን ጽፎ ይለጥፍ። መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ከዓመታት በኋላ ካቻቢቴ ይዞ የሚከፍተው ምናልባት ሠሪውን ፈጽሞ የማያውቅ፣ ከአምደ ወርቅ ወይም ከአስከተማ የመጣ አንድ ወጣት ጠጋኝ ይሆናል፤ እርሱ የሚያምነው በክዳኑ ላይ የተጻፈውንና በማብሪያው ላይ ያለውን ክብ ምልክት ብቻ ነው። ማብሪያ የሚገጥም ሰው ይህን እምነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ሁለቱን ሽቦ የሚቆርጥ ማብሪያ መርጦ፣ የመሬቱን ሽቦ ሳይቆርጥ አስሮ፣ ሥራውንም ለክቶ ሲያስረክብ፣ ግዴታውን ፈጸመ ይባላል።